የሐሩር አገር አበቦች በደሴና በኮምቦልቻ፦ ብርቅ ተክሎችን በመትከያ ዕቃ የማሳደግ ዝርዝር መመሪያ

ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ተሳፋሪ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ጋቢውን ወይም ጃኬቱን ያወልቃል። መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ነገር ግን ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ አየሩም በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ልዩነት አለ። ለሰው ይህ ልዩነት ልብስ ከመደረብና ከማውለቅ አያልፍም። በሞቃት አገር ለተፈጠረ አበባ ግን፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች፣ ሥሩ እንዲተርፍ ወይም እንዲበሰብስ የሚወስነው ይኸው ነው።

ተክል ሲሞትበት ብርዱን የሚወቅስ ሰው ብዙ ነው። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አስብ ነበር። ኮምቦልቻ ካለው የእኅቴ ግቢ ቆርጬ ደሴ ያመጣሁት የመጀመሪያው ፕሉሜሪያ ኅዳር ላይ ቅጠሉን ሲያራግፍ ውሃ የጠማው መስሎኝ ማታ ማታ አጠጣሁት፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ግንዱን ስጨብጠው እንደ በሰለ ሙዝ ለሰለሰ። በማግስቱ ዓመት ከዚያው ዛፍ የመጣ ሌላ ቁራጭ በዚያው በረንዳ፣ በዚያው ብርድ፣ ነገር ግን በደረቅ አፈር ከረመና መጋቢት ላይ አዲስ ቅጠል አወጣ። የዚህ መመሪያ ዋና ነገር ከዚያ የተማርሁት ነው፤ የሐሩር ተክል ደረቅ ብርድን ይችላል፣ ሞቃት እርጥበትንም ይወዳል፣ ብርድና እርጥበት በአንድ ሥር ላይ ሲገናኙ ግን አይተርፍም። የተክል ምርጫው፣ የመትከያው ዕቃ፣ አፈሩና የማጠጫው ሰዓት ሁሉ የሚታሰቡት ከዚህ አንጻር ነው።

መጀመሪያ፦ ተክሉን ለከተማው መምረጥ

ሐሩር አገር ሁሉ ቆላ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮችና በሜክሲኮ ደጋማ ደኖች የሚበቅሉ ተክሎች ከጭጋግና ከቀዝቃዛ ሌሊት ጋር የኖሩ ስለሆኑ የደሴን አየር አይፈሩም። ደሴ የሚኖር ሰው መጀመር ያለበት ከእነዚህ ነው። ከእነርሱም ሁለቱን አስቀድማለሁ። አንደኛው ብሩግማንሲያ ነው፤ የአስተናግር የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ እንደ መለከት የረዘሙ አበቦቹን ቁልቁል አንጠልጥሎ ሲመሽ ያውዳል። ሁለተኛው ኤፒፊለም ኦክሲፔታለም የሚባለው የበለስ ዘመድ ነው፤ እሾህ የለውም፣ ግንዱ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው፣ ነጭ አበባውም በሌሊት ተከፍቶ ጎሕ ሲቀድ ይጠወልጋል።

ኮምቦልቻ ለሚኖር ምርጫው ይሰፋል። በካሪቢያን ደሴቶች ዕፀዋትን ባጠናው በፈረንሳዊው መነኩሴ በሻርል ፕሉሚዬ ስም የተጠራው ፕሉሜሪያ በዚያ በደንብ ያብባል። ግንዱ ከሥሩ እንደ ጠርሙስ የሚያብጠው አዴኒየም፣ ብዙዎች የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉት፣ የአገራችን ደረቅ ቆላዎች ተወላጅ ነው። ከዱር ነቅሎ ማምጣት ግን አይገባም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ተቆርጦ ይሞታል፣ ቦታውም ባዶ ይቀራል። ከዘር ማብቀሉ ቀላልም የተሻለም መንገድ ነው።

በሁለቱም ከተሞች የሚሞከረው ግሎሪዮሳ ነው። ይህም የኢትዮጵያ ተወላጅ ሲሆን፣ የቅጠሉን ጫፍ በያዘው ነገር ላይ እየጠመዘዘ ይወጣና እንደ እሳት ነበልባል ወደ ላይ የታጠፉ ቀይና ቢጫ አበቦች ያወጣል። በክረምት አድጎ በበጋ መሬት ውስጥ ስለሚተኛ የወሎን የዝናብ ወራት ለእርሱ የተቆረጡ ያህል ይስማሙታል።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ብሩግማንሲያ፣ አዴኒየምና ግሎሪዮሳ መርዛማ ናቸው፤ የፕሉሜሪያ ነጭ ፈሳሽም ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። የግሎሪዮሳ ሥር ከስኳር ድንች ጋር ስለሚመሳሰል በተለይ ያሰጋል። ሕፃናት፣ ፍየል ወይም በግ በሚደርሱበት ቦታ አያስቀምጧቸው፤ ሲቆርጡና ሲነቅሉ ጓንት ያድርጉ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሰው ከበላቸው ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ የተክሉን ቁራጭ ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የፀሐይን መንገድ አይቶ ቦታ መምረጥ

ደሴና ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ምክንያት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ጥቂት ታዘነብላለች፣ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ የምታዘነብለው ብዙ ስለሆነ ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ብርዱ በሚበረታበት ወቅት ብርሃንን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ጠልቆ ይቀበላል፤ ዝናብ በሚበዛበት በሐምሌ ግን ያው ክፈፍ ተክሉን ይከልልለታል። ግድግዳው የድንጋይ ወይም የብሎኬት ከሆነ ደግሞ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ግድግዳ ያለው ሰው ለፕሉሜሪያና ለአዴኒየም ሌላ ቦታ አይፈልግ።

ፕሉሜሪያና አዴኒየም በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኙ ቅጠል እንጂ አበባ አያወጡም። ኤፒፊለም ግን በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጠግቶ የሚኖር የጫካ ተክል ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝበት የምሥራቅ ጥግ ይበቃዋል፤ በቀትር ፀሐይ ግንዱ ይገረጣል። በከፍታ ቦታ ፀሐዩ ከሚሰማን ሙቀት ይልቅ ስለሚያቃጥል፣ ቤት ውስጥ የቆየን ማንኛውንም ተክል በአንድ ቀን ወደ ሜዳ አያውጡት። በመጀመሪያው ቀን 1 ሰዓት ብቻ ያውጡት፣ ከዚያም በ10 ቀን ውስጥ እየጨመሩ ያላምዱት።

የመትከያው ዕቃና አፈሩ

ብዙ ተክል የሚጠፋው በዚህ ደረጃ ስለሆነ ጊዜ ሰጥቼ አብራራለሁ። ያልተቀባ ሸክላ በግድግዳው እርጥበት ስለሚያስተነፍስ አፈሩን ቶሎ ያደርቃል፤ ለአዴኒየምና ለፕሉሜሪያ የምመርጠው እርሱን ነው። እርጥበቱ ሲተን አፈሩን ማቀዝቀዙ እውነት ቢሆንም፣ እነዚህ ሁለቱ በብርዱ ወራት ደርቀው ስለሚከርሙ ጉዳት የለውም። ብዙ ውሃ ለሚጠጣው ለብሩግማንሲያ ግን 20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ በደንብ ታጥቦ ቢቀርብ ከሸክላ ይሻላል። በባልዲው ሥር በጋለ ሚስማር ቢያንስ 6 ቀዳዳ ይክፈቱ፤ እያንዳንዱ ትንሽ ጣት የሚያስገባ ይሁን።

ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ከሥር ጠጠር የመደልደል ልማድ አለ። ይህ ልማድ ጉዳቱ ይበልጣል። ውሃ በደቃቅ አፈር ውስጥ እየወረደ ወደ ጠጠሩ ሲደርስ አፈሩ በውሃ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ታች አይሻገርም፤ ስለዚህ ርጥቡ ክፍል ከዕቃው ሥር መሆኑ ቀርቶ ከጠጠሩ በላይ፣ ማለትም ይበልጥ ወደ ሥሩ ቀርቦ ይቀመጣል። ቀዳዳውን በአንድ የሸክላ ስባሪ ወይም በወንፊት ቁራጭ ይሸፍኑና ዕቃውን እስከ ላይ በአንድ ዓይነት ድብልቅ ይሙሉት። ጠጠሩ ቦታው ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ነው።

የኮምቦልቻ ሜዳ ዋልካ ለማሽላና ለጤፍ ጥሩ ቢሆንም ለመትከያ ዕቃ አይሆንም፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። አፈርዎን ለመፈተን ጥቂት አርሰው በመዳፍዎ መካከል እንደ ገመድ ያድቦልቡሉት፤ ቀለበት አድርገው ሲያጥፉት ካልተሰነጠቀ ዋልካነቱ በዝቷልና ይተዉት። የሚፈለገው ከዛፍ ሥር የሚገኝ ለስላሳ የላይኛው አፈር ነው። ከእርሱ ጋር የሚቀላቀሉት በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ እንዲሁም ሬዳሽ የሚባለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ ጠጠር ናቸው። ሬዳሽ ከጠፋ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ይተካዋል፤ ነገር ግን የሚታጠብበት ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ ይታጠብ፣ ምክንያቱም ደቃቁ ጭቃ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍነዋል።

ለፕሉሜሪያና ለአዴኒየም 1 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ኮምፖስትና 2 እጅ ሬዳሽ ይቀላቅሉ። ለግሎሪዮሳ ሦስቱንም እኩል ያድርጉ። ለብሩግማንሲያ ኮምፖስቱን ወደ 2 እጅ ከፍ አድርገው ሬዳሹን ወደ 1 እጅ ይቀንሱ። ኤፒፊለም ግን ከሁሉም ይለያል፤ 2 እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ 1 እጅ ሬዳሽና 1 እጅ እንደ ባቄላ የተፈረካከሰ ከሰል ያስፈልገዋል፤ ተራ አፈር ባይገባበት ይመረጣል። ድብልቁ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ዕቃውን ሞልተው ውሃ ያፍስሱበት፤ ውሃው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከሥር መንጠባጠብ ካልጀመረ ሬዳሽ ይጨምሩ።

አተካከል

ፕሉሜሪያ የሚባዛው በቁራጭ ነው። በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ ዛፉ ገና ቅጠል ሳያወጣ፣ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረትና ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ በተሳለ ቢላዋ ይቁረጡ። ነጩ ፈሳሽ እስኪቆም ቁልቁል ይያዙት፣ ከዚያም በጥላ ሥር ከ10 እስከ 14 ቀን ያቆዩት። ቁስሉ ሳይደርቅ የተተከለ ቁራጭ ሥር ከማውጣቱ በፊት ይሻግታል። ሲደርቅ ከጫፉ 8 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ቀብረው እንዳይነቃነቅ በእንጨት ይሰሩት፣ አንድ ጊዜ ያጠጡትና ቅጠል እስኪታይ ድረስ ውሃውን እጅግ ይቆጥቡ። ሥር ለማውጣት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስድበታል። ሥር ማውጣቱን ለማየት አይንቀሉት፤ አዲሱ ሥር እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ደሴ ለሚኖር የምመክረው ሥር የማስያዙን ሥራ ኮምቦልቻ ላለ ዘመድ ሰጥቶ ተክሉን ግንቦት ላይ መረከብ ነው።

የአዴኒየም ዘር ትኩስ ከሆነ በሞቃት አፈር ላይ በአንድ ሳምንት አካባቢ ይበቅላል። ዘሩን አግድም አስተኝተው በጣም ስስ በሆነ አሸዋ ይሸፍኑት። ችግኙ ሲያድግ ዕቃ በለወጡለት ቁጥር ከበፊቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይትከሉት፤ ያ ያበጠ ሥሩ ከአፈሩ በላይ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው። ከተከሉት በኋላ የቆሰለው ሥር እንዲደርቅ ሳያጠጡ ለአንድ ሳምንት ይተዉት።

ግሎሪዮሳ ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ይተከላል። ሥሩ ብዙውን ጊዜ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ የሚበቅልበት ዓይን በየክፋዩ ጫፍ ብቻ ስለሚገኝ ያ ጫፍ ከተሰበረ ያ ክፋይ አይበቅልም ማለት ነው። አግድም አስተኝተው ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ይቅበሩት፤ መደገፊያ የሚሆን ሸምበቆ ወይም ገመድ አብረው ይትከሉ፣ በኋላ ሲተክሉ ሥሩን ይወጉታልና። አበባው የሚመጣው በክረምቱ ውስጥ ነው። ጥቅምት ላይ ግንዱ ቢጫ ሲሆን በሽታ አይምሰልዎት፤ ውሃውን ያቁሙ፣ የደረቀውን ይቁረጡ፣ ዕቃውን ዝናብ ወደማይደርስበት ጥግ ያስገቡት።

ብሩግማንሲያን ማራባት ቀላል ነው፤ ቁራጩ በውሃ ብርጭቆ ውስጥም ሥር ያወጣል። ልብ የሚባለው አንድ ነገር፣ ተክሉ የሚያብበው ግንዱ እንደ ሹካ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ስለሆነ፣ ከክፍያው በላይ የተቆረጠ ቁራጭ ከታች ከተቆረጠው ቀድሞ ማበቡ ነው። የዚህ ተክል ወገኖች ዛሬ በዱር አይገኙም፤ የተረፉት በሰው ግቢና በመትከያ ዕቃ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ለጎረቤት ማካፈል የምወደው አንድም ለዚህ ነው።

ኤፒፊለምን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ አብልጬ ስለምወደው ነው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ግንድ ቆርጠው ለ5 ቀን ያድርቁትና 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይትከሉት። ትልቅ ዕቃ አይስጡት፤ ሥሩ ሲጨናነቅ ይበልጥ ያብባል። ከቁራጭ እስከ አበባ 2 ወይም 3 ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። እምቡጡ ከግንዱ ጠርዝ ጥርሶች መካከል ይወጣና በረጅም አንገት ላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያም ጫፉን ወደ ላይ መልሶ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። እምቡጥ ከታየ ጀምሮ ዕቃውን አያዙሩት፣ ቦታም አይለውጡበት፤ ያረግፈዋል። የታጠፈው እምቡጥ አብጦ ነጩ በቅርፊቱ መካከል ብቅ ካለ የሚከፈተው በዚያው ምሽት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ቀስ እያለ ይከፈትና ወደ እኩለ ሌሊት ሙሉ ይሆናል። በእኛ ቤት ያን ምሽት ጎረቤት ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፤ አቦሉ ሲቀዳ ጫፉ ብቻ የተከፈተው አበባ በረካው ሲደርስ ከመዳፍ ይሰፋል። ዕጣን የሚጨሰው ግን ከአበባው ራቅ ብሎ ነው፣ ሽታውን እንዳይሸፍነው።

ውሃና የብርድ ሌሊት

የቀን መቁጠሪያ ይዞ ማጠጣት ስሕተት ነው። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማዎት ይተዉት። ከዚህ የሚበልጠው ዕቃውን ማንሣት ነው፤ ካጠጡ በኋላና ሲደርቅ ያለውን ክብደት ሁለት ሦስት ጊዜ ካነጻጸሩ እጅዎ ራሱ ይነግርዎታል። ሲያጠጡ ከሥር እስኪፈስ ያጠጡ፣ ከሥሩ ባለው ሳሕን የተጠራቀመውን ግን ይድፉት።

ደሴ ላይ ማጠጣት ያለብዎት ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ አፈሩን ሳያሞቀው ሌሊቱ እንዳይደርስበት። ውሃውንም ከቧንቧ እንደ ወረደ ሳይሆን ቀድተው ፀሐይ ላይ ካቆዩት በኋላ ይጠቀሙበት። በኮምቦልቻ የሚያዝያና የግንቦት ሙቀት ግን ማታ ማጠጣት ምንም አይጎዳም፣ ብሩግማንሲያን የሚያሳድጉ ከሆነ እንዲያውም ጠዋትም ማታም ሊያስፈልግ ይችላል።

የሌሊቱ አየር ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ ሲጀምር፣ ደሴ ላይ ከጥቅምት አንሥቶ፣ ፕሉሜሪያና አዴኒየም ቅጠላቸውን ያረግፋሉ። ይህ እንቅልፍ ነው። ፕሉሜሪያን እስከ የካቲት ድረስ ፈጽሞ አያጠጡ፤ ግንዱ ከተጨማደደ በወር አንድ ጊዜ አንድ ሲኒ ውሃ ይበቃዋል። ዕቃዎቹን ከሲሚንቶ ወለል አንሥተው በጣውላ ላይ ያስቀምጧቸው። ውርጭ የሚያሰጋ ሌሊት ከሆነ ቤት ያስገቧቸው፣ ካልተቻለም በአሮጌ ጋቢ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነው ጠዋት ይግለጧቸው። ላስቲክ ቅጠል ከነካ ብርዱን ያስተላልፋል። ተክሎቹን ለማሞቅ ብለው በተዘጋ ክፍል ከሰል አያንድዱ፤ ለሰው ሕይወት አደገኛ ከመሆኑም በላይ ጭሱ እምቡጥ ያረግፋል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሁለቱን ደረቅ ወዳድ ተክሎች ከክፈፍ ሥር ያስገቧቸው፤ የደሴ ጭጋግ ለቀናት ስለማይገለጥ በዚያ ወቅት የራሰ አፈር ሳምንት ቢቆይም አይደርቅም።

ምግብና ተባይ

ከመጋቢት እስከ መስከረም በየ2 ሳምንቱ 1 እጅ የበሰበሰ ፍግ በ10 እጅ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተጠልሎ ቢሰጥ በቂ ነው፤ ብሩግማንሲያ ብቻ በየሳምንቱ ይፈልጋል። ዩሪያ አይጨምሩ፤ ቅጠሉን አለምልሞ አበባውን ይከለክላል። የቡና አተላም በቀጥታ አፈሩ ላይ ከሚደፋ መጀመሪያ ኮምፖስት ውስጥ ቢበሰብስ ይሻላል። ተክሉ ሲተኛ ምንም አይሰጥም።

በኮምቦልቻ ደረቅ ወራት የሚያስቸግረው ቀይ ሸረሪት ነው፤ ቅጠሉ በደቃቅ ነጠብጣብ ይገረጣል፣ ከበታቹም ስስ ድር ይታያል። የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ግፊት ማጠብ፣ ካልለቀቀም በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና አሟሙቶ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መርጨትና ጠዋት ማለቅለቅ፣ ይህንንም በየ5 ቀኑ 3 ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይም በዚሁ ይጠፋል። ጥጥ የሚመስለው ነጭ ተባይ ግን በሰም የተሸፈነ ስለሆነ በአልኮል በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ መጥረግ ይሻላል። ይህ ተባይ ሥር ውስጥም ይደበቃል፤ ስለዚህ አዲስ የገባ ተክል ከሌሎቹ ተለይቶ 3 ሳምንት ይቆይ፣ ከመቀላቀሉም በፊት ከዕቃው ወጥቶ ሥሩ ይታይ።